እግሬን የቆረጠልኝን ሐኪም እንዴት እንዳስደበደብኩት

ይህን የምጽፈው ስኳር በሽታ ላለባችሁ፣ ይልቁንም ኖሮባችሁ ገና ላላወቃችሁት ነው። ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች የለም። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው፦ ያዳነኝን ሰው በገዛ አፌ ማስደብደቤን። ከተማዬ ለመድረስ ከጅጅጋ ተነስቶ ቀብሪበያን ላለፈ መኪና ገና ብዙ ይቀረዋል። ስሟን አልጠራም፤ ጠቡ በርዷል፣ እኔ መልሼ አልቆሰቁሰውም።

ሁሉም ነገር የጀመረው በጥማት ነው። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በታላቅ ወንድሜ በጋሼ መኮንን ግቢ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ሚስት የለኝም፤ የምበላው የምጠጣው ከወንድሜ ቤት ነው። በድንገት ውሃ አልጠግብ አልኩ። አንድ ጆግ ጨልጬ ሳላስቀምጠው ሌላ ያምረኛል። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት እወጣለሁ። እየበላሁ ከሳሁ፤ ሱሪዬ በቀበቶም አልያዝ አለ። ደንበኞቼ «ታዬ፣ ማን ናት እንዲህ የምታከሳህ?» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ ሰባት ቀን መርፌ ወጋኝ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ጅጅጋ ሄጄ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያየኝ ሦስተኛው ደግሞ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ሦስቱም ሽንቴን አላዩም። የወንድሜ ሚስት እትዬ አስካለ «አቅም አጥተህ ነው እንጂ» እያለች በቀን አራት ጊዜ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ታጠጣኛለች። በፍቅር እየገደለችኝ ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅንም።

ከዚያ እሾሁ መጣ። ከከብት ገበያ ስመለስ የግራር እሾህ ጫማዬን በስቶ ከአውራ ጣቴ ሥር ገብቶ ኖሯል። አልተሰማኝም። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው ደሙን ያየሁት። በሳምንቱ ቁስሉ ሰፋ። በሁለተኛው ሳምንት ጣቴ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ሽታው ደንበኛ ከሱቁ ያባርር ጀመር።

በሰፈራችን ለግመልም ለሰውም በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ጎረምሶች እጄንና ወገቤን ጨምድደው ያዙኝ፤ አንዱ የተጠቀለለ ጨርቅ አፌ ውስጥ ከተተልኝ። ሽማግሌው የጋለውን ብረት ከፍሙ አውጥተው እግሬ ላይ ሲያሳርፉት ጭሱ ተነሳ፣ ሥጋዬ ተንጨረጨረ፣ ሽታው ጉሮሮዬ ገባ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ጨርቁን ተፍቼ «ይኸው ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ሽማግሌው አልሳቁም። ብረቱን መሬት ጥለው «ይሄ እግር ሞቷል። ኩባ ጋ ውሰዱት» አሉ።

ኩባ የሚሉት የጤና ጣቢያችንን ሐኪም ነው። ስሙ ዶክተር ሰለሞን ነበር። አባቱ ወታደር ነበሩ፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ እዚሁ እኛ አገር ወድቀው ቀርተዋል። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ከብዙ የሙት ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላከ፤ እዚያው አደገ፣ እዚያው ሕክምና ተማረ። ሲመለስ አዲስ አበባ ሥራ ቢሰጡት «አባቴ የሞተበት ላኩኝ» ብሎ መጣ ይባላል። ከሱ በፊት የተላኩልን ሐኪሞች ሦስት ወር አልቆዩም፤ አንዱ እንዲያውም ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ውሃው ጨው ነው፣ መብራት የለም፣ ቋንቋው ለመጤ ይከብዳል። ይሄ ግን ዓመት ከመንፈቅ ቆየልን። የከተማው ትልቅ ሽማግሌ ሐጂ ፋራህ ከራሳቸው ግቢ ሁለት ክፍል ሰጡት፤ ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት ይልኩለታል። አገሩ በሙሉ እንዳይሄድብን ይንከባከበው ነበር።

አንድ ችግር ነበረበት፤ አማርኛው። በዘጠኝ ዓመቱ የተወውን አማርኛ ይዞ ነው የተመለሰው። ሽማግሌውን አንተ፣ አሮጊቷን አንቺ ይላል። ሐጂ ፋራህ «ልጅ ነው፣ አፉ ገና አልበሰለም» ብለው ይስቁለታል። ጋሼ መኮንን ግን አንድ ቀን በሰው ፊት «አንተ፣ መኪናህን ከበሩ አንሳ» ተብሎ ቂም ያዘ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ አሳዳጊ የበደለው» ነው የሚለው።

እትዬ አስካለና ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዱኝ። ዶክተሩ እግሬን ፈትቶ ከማየቱ በፊት «የሸናህበት ላይ ጉንዳን ይመጣል?» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። እትዬ አስካለ ግን ደረቷን መታች።

«ኧረ ይመጣል! አጥሩ ሥር ጉንዳኑ አላስኬድ አለን!»

ሽንቴን ተቀብሎ ትንሽ ወረቀት ነከረበት፤ ወረቀቱ ቀለሙን ቀየረ።

«ደምህ ውስጥ ስኳር አለ» አለኝ። «ብዙ። ሱቅህ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ስኳሩ እግርህን ገደለው። አሁን እግርህ አንተን ሊገድል ነው።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«እግርህን ስጠኝ።»

እትዬ አስካለ ጮኸች። «መኮንን ሳይመጣማ አይሆንም!» አለች። ጋሼ መኮንን በአይሱዙው ድሬዳዋ ለጭነት ሄዶ ነበር፤ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። አባታችን ሲሞቱ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ እጁም ከባድ ነው። በኛ ቤት እሱ ሳያውቅ በግ እንኳ አይታረድም። ዶክተሩ ግን ወደ ጉልበቴ የሚወጣውን ቅላት በጣቱ እያሳየ «ነገ የለህም። ጅጅጋ ብትሄድም መንገድ ላይ ትሞታለህ» አለኝ። ትኩሳቱ ጥርሴን ያንገጫግጨኛል። እትዬ አስካለን ጋቢ አምጪልኝ ብዬ ሆን ብዬ ወደ ቤት ላክኋት። ከሄደች በኋላ ነርሷ ሐሊማ ወረቀት አቀረበችልኝ፤ ፈረምኩ። በደንብ አስረድተውኝ፣ በሙሉ ልቤ ፈረምኩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከማደንዘዣው ስነቃ የጠበቀኝን ሕመም እንዴት ብዬ ልጻፈው? ቁስሉ አይደለም ያሳበደኝ። የሌለው እግሬ ነው። የሌሉት ጣቶቼ እሳት ውስጥ ናቸው፤ አንድ በአንድ ይነዳሉ፣ ጥፍሮቼ ይቀልጣሉ። ወራት ሙሉ ምንም ያልተሰማው እግር ከተቆረጠ በኋላ ስሜቱ ተመለሰለት። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ሐኪሞች ያውቁታል፤ አካሉ ቢሄድም አእምሮ ገና አለ ብሎ ይታመምለታል። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። «ተቃጠልኩ! እግሬ ተቃጠለ!» እያልኩ አልጋውን በጡጫ ስደበድብ የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ስታማትብ አየኋት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«እውነትህን ነው ወንድሜ» አለች። «አቃጥለውታል እኮ። ጓሮ፣ ከቆሻሻው ጉድጓድ ውስጥ።»

እኛ ዘንድ የተቆረጠ አካል በነጠላ ተጠቅልሎ አፈር ይለብሳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ይቀብሩታል። ዶክተሩ በተማረበት አገር ግን የበሰበሰ አካል በሽታ እንዳያዛምት ይቃጠላል፤ እንደተማረው አደረገ። እትዬ አስካለ ጋቢውን ይዛ ስትመለስ በሩ ተዘግቶባት፣ ጋሼን ልትጠብቅ ወደ ቤት ተመልሳለች፤ የሚነግረው ዘመድ የለው፣ የጠየቀው ሰው የለ። እኔ ደግሞ እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ሲነድ እዚህ አልጋ ላይ የተሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ጩኸቴ የሰው ጩኸት አልነበረም።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ መኮንን የደረሰው። በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ፤ ገና የመንገድ አቧራው ከፊቱ አልተጠረገም። ብርድ ልብሱን ገለጠው።

«የት አለ እግሩ?»

የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችው። ዐይኑ ደም ለበሰ። ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ፈቀደ? አንተ ፈቅደሃል? ተናገር!»

ሐሊማ አልነበረችም፤ ተረኛነቷን ጨርሳ ሄዳለች። ያ እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እጅ ነው። «እኔ እንጃ» አልኩ። «ተኝቼ ነበር።»

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላልኩም።

የጎማ መፍቻውን ብረት ከመኪናው አውጥቶ «ወንድሜን ተኝቶ አርደው በሉት!» እያለ ግቢውን ሲያደበላልቀው ሰው እንደ ንብ ተሰበሰበ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበረበት፤ እንደዚያ ቀን ተባብረን አናውቅም። አልጋዬ መስኮት ሥር ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ዶክተሩ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ወጣና «ፈርሟል! ፈርሟል!» አለ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጥርሱን አረገፈው። ጋሼ መኮንን በብረቱ ትከሻውን ሲለው ወደቀ። ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ፤ ብረቱ ያንኑ እጅ አገኘው፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኹ። ረገጡት። አንዲት እሱ ያዋለዳት ሴት በጫማዋ ስትመታው በዐይኔ አይቻለሁ። መስኮቶቹ ረገፉ፤ የፈረምኩበት ወረቀት ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀዶ በግቢው በነነ። እኔ መጮህ እችል ነበር። ያን ያህል ለእግሬ የጮኸ አፍ ለሱ አልተከፈተም።

ሐጂ ፋራህ በከዘራቸው ሰው እየሰነጠቁ ገብተው እላዩ ላይ ተደፉበት። ሁለት ሦስት ዱላ በሳቸውም ጀርባ አረፈ። የሚመታው ሰው የማንን ጀርባ እንደመታ ሲያይ ብቻ ነው ዱላው የቆመው።

ጋሼ መኮንንን ፖሊስ አሰረው። ሐሊማ «ፈርሟል» ብትልም ያመናት የለም። ዶክተሩ ሐጂ ፋራህ ቤት ተኛ። የኔ ቁስል ደግሞ ገና አልተዘጋም ነበር። ሐሊማ እንዳስረዳችኝ እንዲህ የበሰበሰ እግር ሲቆረጥ መጀመሪያ ክፍቱን ይተዉታል፤ ከጠራ በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይሰፉታል። ካልተሰፋ አጥንቱ ይመረቅዛል፣ ከዚያ ወዲያ ሞት ነው። ወደ ጅጅጋ መልእክት ቢላክ፣ የዚያ ቀዶ ሐኪም ሐረር ተዛውሯል ተባለ፤ እስከዚያ የሚያደርስ አቅም አልነበረኝም። እትዬ አስካለ በየቀኑ ፋሻዬን በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ አፍንጫዋን አንድ ቀን እንኳ ስትይዝ አላየኋትም። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። ሊሰፋኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የተሰበረ እጁን ታቅፎ ተኝቷል።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌዎች በጤና ጣቢያው ግቢ ተቀመጡ። እኔን ከነአልጋዬ አወጡኝ፤ ጋሼ መኮንንን ፖሊስ አመጣው፤ ዶክተሩ በሐጂ ፋራህ ትከሻ ተደግፎ መጣ። ፊቱ አልለይ ብሎኝ ነበር። በአገሩ ደንብ ስለተበደለ ሰው ወገኑ ይናገራል። «የዚህ ሰው ወገን ማን ነው?» ሲባል ማንም አልተነሳም። ሐጂ ፋራህ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «በቤቴ ያለ እንግዳዬ ነው። የተመታሁት እኔ ነኝ። እኔ እጠይቃለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ታዬ፣ ይሄ ሰው እግርህን የቆረጠው ሳትፈቅድ ነው?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሆዴ የያዝኩት ከእግሬ ይልቅ ይሸት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ መሞትም ፈርቻለሁ።

«ፈቅጃለሁ» አልኩ። «ፈርሜያለሁ። እትዬ አስካለን ሆን ብዬ ነው ወደ ቤት የላክኋት። ጋሼን ፈርቼ ዋሸሁ።»

ጋሼ መኮንን ወደ አልጋዬ መጣ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅሁ። አልመታኝም። «ታዬ» ብቻ አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳ፤ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ዶክተሩ አመራ። እኛ ሁላችን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግር ላይ መውደቅ፣ ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ አባቶቻችን ደም ያደረቁበት ነው። «እሰይ» ያሉም ነበሩ።

ዶክተሩ ግን አያውቀውም። ያየው ጣቱን የሰበረው ሰው ድንጋይ አንስቶ ሲመጣበት ነው። እንደ ሕፃን ጮኸ። ሐጂ ፋራህን ገፍትሮ ሮጠ፤ ግንቡን ሊወጣ ዘለለ፤ የተሰበረው እጁ አልይዝ ብሎት ወደቀ፤ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ራሱን በክንዱ ሸፈነ። ሱሪው እርጥብ ነበር። ጋሼ መኮንን ድንጋዩን እንደተሸከመ መሐል ግቢ ቆሞ ቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተው። ሐሊማ ሮጣ ሄዳ «ይቅርታ ነው! ይቅርታ እየጠየቀህ ነው!» አለችው። ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። የተረዳውም በጆሮው ብቻ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሰፋኝ። ሁለት ጣቱ በእንጨት ታስሮ፣ ሐሊማ ግራ እጁ ሆናለት ሰፋኝ። ማደንዘዣው የተሰጠኝ ከወገቤ በታች ስለነበር ነቅቻለሁ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ውጭ አንድ ሰው ባልዲ ጣለ መሰለኝ፤ ድምፁን ሲሰማ መርፌው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ሐሊማ ሌላ ሰጠችው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ብያለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «አትንቀሳቀስ።»

ክሩ እስኪወጣልኝ ሁለት ሳምንት ቆየ። በየቀኑ እየመጣ ቁስሌን ያያል፣ የስኳር መርፌ እንዴት እንደምወጋ፣ ምን እንደምበላ፣ የቀረውን እግሬን ማታ ማታ እንዴት እንደምፈትሽ ለእትዬ አስካለም ለእኔም ያስተምረናል። ሽማግሌዎቹ እንዲቀር ያላደረጉት የለም። ሙሉ ቤት እንሥራልህ፣ የምትታለብ ግመል እንስጥህ፣ ዘበኛ እናቁምልህ፣ እንዳርህ አሉት። ጋሼ መኮንን በየጠዋቱ በሩ ላይ እየመጣ፣ እንዳያስደነግጠው ራቅ ብሎ፣ ባዶ እጁን እያሳየ ይቆም ነበር። ዶክተሩ ሻንጣውን ሲዘጋ ሐጂ ፋራህ አለቀሱ።

«አንተን አልተጣላሁህም» አላቸው። «ማንንም አልተጣላሁም። ግን በር ሲከፈት እጄ ይዘላል። እጁ የሚዘል ሰው ቢላ መያዝ የለበትም።»

ወደ ጅጅጋ በሚሄድ ፒካፕ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም።

እኔ ዳንኩ። ሱቄን መልሼ ከፈትኩ፣ በክራንች መሄድ ለመድኩ፣ ስኳሬ ልክ ነው። የሌሉት ጣቶቼ አንዳንዴ ዛሬም ይነዳሉ፤ ከማበድ ይልቅ ጉቶዬን አሻሽቼ አሳልፈዋለሁ። ውሃ አልጠግብ ካላችሁ፣ እየበላችሁ ከከሳችሁ፣ ሽንታችሁን አስመርምሩ። ስትፈርሙ ቤተሰባችሁን ጠርታችሁ በፊታቸው ፈርሙ። ሐኪማችሁ የናንተን ወግ ባያውቅ ከመቆጣታችሁ በፊት ንገሩት። ለከተማችን ሐኪም ይላክልን ብለን ጅጅጋ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን እኔ ነኝ የማውቀው። ወሬው ቀድሞን ይደርሳል። «ሐኪም የምትደበድቡት እናንተ ናችሁ?» ይሉናል፤ ማንም አይመጣም። ሐሊማም ተዛወረች።

በሦስተኛው ዓመት እትዬ አስካለን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጣ። አዋላጇ «ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው» አለች። ጋሼ መኮንን አይሱዙው ላይ ፍራሽ አነጠፈ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እሱ ነዳ። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፤ ጉድጓዱን ሁሉ ሲዘል ሰውነቷ ከፍራሹ ይነሳል፣ ትጮሃለች፣ ደሙ ከፍራሹ አልፎ በጣውላው ሥር ይወርዳል።

«ያ ሐኪም ቢኖር ያወጣልኝ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ፊቴን አየች። ጉንጬን በመዳፏ ነካችና «አይዞህ» አለችኝ። እኔን ነው አይዞህ ያለችኝ።

ቀብሪበያን እንዳለፍን እጇ ከእጄ ውስጥ ወደቀ። ትንፋሿን አዳመጥኩ፣ አንገቷን ነካሁ። የካቢኑን ጣራ ልደበድብ ክራንቼን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ክላክሱን እየነፋ፣ ግመሉን ሰውን እየበተነ ይበራል። ዐይኗን ከደንኩላት፤ ነጠላዋን አስተካከልኩላት። ጅጅጋ ሆስፒታል በር ላይ ፍሬኑን ረግጦ ዘሎ ወረደ፤ የኋላውን ከፍቶ እጆቹን ዘረጋላት።

«ደርሰናል፣ አስካለ» አላት። «ሐኪም አለ።»